በትንሽ ሞተር ሳይክል የሃ ዛንግን ተራሮች መዞር

በሰሜን ቬትናም፣ የቻይናን ድንበር ተጎራብቶ፣ ሃ ዛንግ የሚባል ተራራማ አገር አለ። ከሃኖይ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2025 በአስተዳደር ከጎረቤቱ ቱየን ኳንግ ጋር ቢዋሃድም፣ ተጓዦች በሞተር ሳይክል የሚያደርጉትን ዙር የሚጠሩት ዛሬም በሃ ዛንግ ስም ነው። መንገዱ ከሃ ዛንግ ከተማ ተነሥቶ በኳን ባ፣ በዬን ሚን፣ በዶንግ ቫንና በሜኦ ቫክ አድርጎ ወደ መነሻው ይመለሳል። ርቀቱ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ሦስት ወይም አራት ቀን ይወስዳል። ቁጥሩን ብቻ አይቶ በአንድ ቀን ተኩል እጨርሰዋለሁ የሚል ሰው ጠመዝማዛውን አላሰበም፤ ቢችል እንኳ ምንም ሳያይ ነው የሚመለሰው።

የዙሩ ልብ ከዶንግ ቫን ወደ ሜኦ ቫክ የሚወስደው የማ ፒ ሌንግ መተላለፊያ ነው። ስሙ በአካባቢው በሚኖረው የህሞንግ ሕዝብ ቋንቋ የፈረስ አፍንጫን ያመለክታል። ርዝመቱ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በአንድ በኩል ቀጥ ያለ ግድግዳ፣ በሌላው በኩል ገደል፤ ከገደሉ ሥር ደግሞ ከቻይና የሚመጣው የኞ ኩዌ ወንዝ እንደ አረንጓዴ ክር ተዘርግቶ ይታያል። በላዩ የሚሄዱት ጀልባዎች ከመንገዱ ሲታዩ ከጤፍ ቅንጣት አይበልጡም።

ይህ መንገድ በማሽን የተሠራ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1959 እስከ 1965 ድረስ ከሰሜን ቬትናም ክፍለ ሀገሮች የመጡ ወጣቶችና የአካባቢው ነዋሪዎች ከሃ ዛንግ ከተማ እስከ ሜኦ ቫክ ያለውን 185 ኪሎ ሜትር በመዶሻ፣ በመሮና በዶማ ፈለጡት። ማ ፒ ሌንግ ላይ ሲደርሱ ወገባቸውን በገመድ አስረው ከገደሉ ላይ እየተንጠለጠሉ 11 ወር ያህል ድንጋዩን ጠረቡ። መንገዱ «የደስታ መንገድ» ተባለ። በሥራው ላይ ያረፉት ወጣቶች መቃብር ዬን ሚን ውስጥ ይገኛል፤ በዚያ የሚያልፍ ሁሉ ሞተሩን አጥፍቶ ጥቂት ቢቆም ይገባል እላለሁ።

በሰው እጅ የተጠረበ መንገድ በሰው ልክ ፍጥነት ሲታይ ደስ ይላል። ለዚህ ደግሞ ከ110 ሲሲ ሞተር የሚሻል የለም። በአካባቢው የሚከራዩት አብዛኞቹ እንደ ሆንዳ ዌቭ ያሉ፣ ክብደታቸው መቶ ኪሎ ግራም ገደማ የሆነ ትንንሽ ሞተሮች ናቸው። የዘር ሐረጋቸው የሚመዘዘው ሆንዳ እ.ኤ.አ. በ1958 ካወጣው ሱፐር ከብ ነው። ሱፐር ከብ በእጅ የሚጨበጥ ፍሪሲዮን የለውም፤ ማርሹ በእግር ብቻ ይቀየራል። የታሰበውም ጃፓን ውስጥ ምግብ የሚያደርሱ ሠራተኞች በአንድ እጃቸው እንዲነዱት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 የተመረተው ቁጥር 100 ሚሊዮን ደረሰ። ትንሽነቱ በተራራ ላይ ሌላ ጥቅም አለው፦ ተንሸራትቶ ቢወድቅ አንድ ሰው ብቻውን ያነሣዋል፤ ጠባብ ጥግ ላይ ይቆማል፤ ቢበላሽ በየመንደሩ ጠጋኝ አለው።

ዳገቱ ትዕግሥት እንጂ ሌላ አይጠይቅም። ሰውን የሚጥለው ቁልቁለቱ ነው። ነዳጅ ልቆጥብ ብሎ ማርሽ አውጥቶ የሚለቅ ሰው ሸክሙን በሙሉ ፍሬኑ ላይ ይጥላል፤ ፍሬኑም ይግላል፣ ሲግል ደግሞ መያዝ ያቅተዋል። የአገሬው ነጂዎች በወጡበት ማርሽ ይወርዳሉ፦ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ አስገብተው፣ ሞተሩ እያጉረመረመ ራሱ እንዲይዝ ያደርጋሉ። ጥምዝ ከመግባታቸው በፊትም ጥሩምባ ይነፋሉ፤ ከማዶ ጭነት መኪና ሊመጣ ይችላልና። መንዳት ያልለመደ ሰው ሹፌር ቀጥሮ ከኋላ ቢቀመጥ ምንም አያፍርበትም፤ እንዲያውም ዓይኑ ለተራራው ነጻ ይሆንለታል። ራሱ የሚነዳ የውጭ አገር ሰው ግን እ.ኤ.አ. በ1968ቱ የቪየና ስምምነት መሠረት የተሰጠ ዓለም አቀፍ የሞተር መንጃ ፈቃድ መያዝ አለበት። በየማደሪያው የሚቀርበውን የበቆሎ አረቄም ማታ ሞተሩን ካቆሙ በኋላም ቢሆን በልክ መቅመስ ነው፤ የቬትናም ሕግ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ አሽከርካሪ ጠብታ አልኮል እንኳ በደሙ እንዲገኝ አይፈቅድም።

የዶንግ ቫን አምባ የኖራ ድንጋይ አገር ነው፤ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2010 በጂኦፓርክነት፣ ማለትም በመሬቱ አፈጣጠር ልዩ በሆነ ሥፍራነት፣ ተቀብሎታል። አፈር እዚያ ብርቅ ነው። የህሞንግ ገበሬዎች በድንጋይ ስንጥቆች ውስጥ በቅርጫት ተሸክመው ያመጡትን አፈር ይሞሉና ሁለት ሦስት ፍሬ በቆሎ ይዘሩበታል። ይህን ከአውቶቡስ መስኮት ማየት አይቻልም። በ30 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚሄድ ሰው ግን አገዳው ከጥቁር ድንጋይ መሐል ብቅ ማለቱን፣ አንዲት እናት ቅርጫቷን በጀርባዋ አዝላ ስትወጣ ያያል።

ከሰኔ እስከ ነሐሴ ዝናቡ ይበረታል፣ ናዳም መንገድ ይዘጋል። የተሻለው ጊዜ ጥቅምትና ኅዳር ነው። ያኔ ፍሬው ባለ ሦስት ማዕዘን የሆነው ባክዊት የሚባል እህል ያብባል፣ የተራራው ግርጌም ሐምራዊ ይለብሳል። እህሉ ተፈጭቶ ክብ ቂጣ ይሆናል። እሑድ ጠዋት በሜኦ ቫክ ገበያ ሴቶች በከሰል ላይ ያሞቁታል፤ ብርዱን ሰንጥቆ የመጣ ባለ ሞተርም ጓንቱን አውልቆ መጀመሪያ እጁን ያሞቅበታል፣ ከዚያ ይበላዋል።