በጨዋማ ውሃ ላይ የተቀመጠ የሚጠጣ ውሃ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጅማ ዝናብ የጠገበች ከተማ ናት። ለዚህ ይመስለኛል ላብራቶሪያችን የሚገባ እንግዳ ሁሉ «አዌቱ ወንዝ እዚህ እየፈሰሰ የበረሃ ውሃ ምን አስጨነቃችሁ?» የሚለን። የሚያየው መስታወት ቤት ያሠራነውን ጠባብ ገንዳ ነው፦ ውስጡ በጨዋማ ውሃ የራሰ አሸዋ፣ ከላይ በግሉኮስ መስጫ ቱቦ የሚንጠባጠብ ቀይ ቀለም የገባበት ጨው አልባ ውሃ። በደረቅ አገሮች ከጨዋማው የከርሰ ምድር ውሃ በላይ ተቀምጦ የሚገኘውን የሚጠጣ ውሃ በትንሹ እናሳይበታለን። ገንዳውን እያዩ ሰዎች ደጋግመው የሚሉትን ላንሳ።

«ሁለቱ ከተገናኙ ይደባለቃሉ»

ይህን የሚሉኝ ቡናቸውን በጨው የሚጠጡ ሰዎች መሆናቸው ያስቀኛል። ስኒው ውስጥ ጨዉ የሚዳረሰው ስለሚማሰል ነው፤ ሳይማሰል የተጠጣ ቡና አተላው ጋ ሲደረስ ምን እንደሚል የቀመሰው ያውቃል። አሸዋ ውስጥ ደግሞ የሚያማስል የለም። በአንድ ሊትር 35 ግራም ጨው፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ገደማ፣ ስንጨምር ውሃው የባሕር ውሃን ያህል ይከብዳል፤ ከጨው አልባው በ2.5 በመቶ ገደማ ይበልጣል። ቀዩን ከላይ ለማቆየት ያቺ ትበቃለች። ድንበሩ ግን በምላጭ የተቆረጠ አይደለም፤ መሃል ላይ ሮዝ የመሰለ የድብልቅ ቀጠና ይታያል።

ቀዩ ውሃ ቀስ በቀስ መሃሉ ወፍሮ ዳር ዳሩ ይሳሳል። ባለሙያዎች «ሌንስ» ይሉታል፤ ቃሉ በላቲን ምስር ማለት ነው። ምስር ወጥ ለለመደ ሰው ቅርጹን ለማስረዳት ብዙ ማውራት አያስፈልግም።

መጀመሪያ ግን ተበላሽቶብን ነበር። ደረቅ አሸዋ ሞልተን ውሃ ስናፈስበት አየር ታምቆ ቀረና ቀዩ ውሃ እንደ ዛፍ ሥር እየተበታተነ ወረደ። አሁን ጨዋማውን ውሃ እናስቀድምና አሸዋውን በእፍኝ እየበተንን እናሰምጠዋለን።

«ጨው ካለ ባሕር ቅርብ ነው»

አይደለም። ፀሐይ ውሃውን አትንና ጨዉን ትታ ትሄዳለች፤ ወይም ዐለቱ ራሱ ውሃው ውስጥ ይሟሟል። በሶማሌ ክልል ሰፊ ቦታ ላይ ያለውን ጀሶ ማሰብ ይበቃል።

«በረሃ ላይ ከላይ የሚሞላው ዝናብ የለም»

ኩዌት በዓመት የምታገኘው ዝናብ 100 ሚሊ ሜትርን ብዙም አይዘልም። ሆኖም በሰሜኗ፣ ራውዳተይን በሚባለው ረባዳ ቦታ፣ ጨዋማ ውሃ ላይ የተቀመጠ የሚጠጣ ውሃ አለ። ዝናቡ በየሜዳው ቢቀር ፀሐይ ትጠጣው ነበር፤ ጎርፍ ሆኖ አንድ ረባዳ ላይ ሲከማች ግን ሳይተን ይሰምጣል። ጠብታውን በገንዳው ስፋት ሁሉ ሳይሆን በጠባብ መስመር ላይ ብቻ የምናንጠባጥበው ለዚህ ነው።

«ጉድጓድ በጠለቀ ቁጥር ውሃው ይጥማል»

ጅማ ላይ ምክሩ ላያስከፋ ይችላል። ሌንስ ባለበት አገር ግን ከዚህ የከፋ ምክር አላውቅም። ቀዩ ውሃ ውስጥ ቀጭን ቱቦ አስገብተን በመርፌ ሲሪንጅ ቀስ ብለን ስንስብ ቀይ ብቻ ይመጣል። ፈጠን ስንል ከሥር ቀለም የሌለው ጨዋማ ውሃ እንደ ሞሰብ ክዳን ሾጥጦ ይነሳል፤ ጫፉ ቱቦውን ከነካ ሲሪንጁ ውስጥ ያለው ይነጣል። ቱቦውን ዝቅ ባደረግነው መጠን ይህ ቶሎ ይደርሳል።

ሆላንዳዊው ባዶን ጋይበን በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ ጀርመናዊው ሄርዝበርግ እ.ኤ.አ. በ1901 ለባሕር ዳርቻ ባወጡት ስሌት፣ ከሥር ያለው የባሕር ውሃን ያህል ከከበደ፣ የላይኛው ውሃ በ1 ሜትር ሲወርድ ድንበሩ ውሎ አድሮ እስከ 40 ሜትር ሊነሳ ይችላል። ፓምፑን ብናቆም ሾጣጣው ይወርዳል፤ አሸዋው ውስጥ የቀረው ጨው ግን ታጥቦ እስኪወጣ የሚፈጀው ጊዜ ከሳብንበት ጊዜ እጅግ ይረዝማል። በእንዲህ ያለ ቦታ አንድ ጥልቅና ጉልበተኛ ጉድጓድ ከመቆፈር ጥልቀት የሌላቸውን ብዙ ጉድጓዶች በትንሽ በትንሹ መሳብ ይሻላል።

«ይህ መጫወቻ ነው፤ ኮምፒውተር እያለ»

ኮምፒውተሩ ያወጣው ቅርጽ ትክክል መሆኑን በዓይን ከታየ ነገር ጋር ማነጻጸር ያስፈልጋል፤ ገንዳው እዚያ ላይ ይጠቅማል። ጉድለትም አለበት። ደቃቅ አሸዋ ውሃን እንደ ኩራዝ ክር ወደ ላይ ይስባል። ብዙ ሜትር ውፍረት ባለው የአሸዋ ንጣፍ ውስጥ ውሃው የሚሳብበት ይህ ከፍታ ቁም ነገር አይደለም፤ ክንድ በማትሞላ ገንዳ ውስጥ ግን ሥዕሉን ያዛባዋል። ስለዚህ አሸዋውን በወንፊት ነፍተን ደቃቁን እንጥልና ሻካራውን እናስቀራለን።