ማሃቦዲ፦ በቦዲ ዛፍ ዙሪያ ዑደትና ስግደት

ማሃቦዲ በምሥራቅ ሕንድ፣ በቢሃር ግዛት፣ በቦድ ጋያ ከተማ የሚገኝ ጥንታዊ የቡድሂስቶች ቤተ መቅደስ ነው። በእምነቱ ትውፊት መሠረት ሲድሃርታ ጎታማ ስድስት ዓመት ሰውነቱን በጾም ካደከመ በኋላ ሱጃታ የተባለች ሴት ያቀረበችለትን የወተት ሩዝ ተመገበ። ከዚያም እዚህ ካለው የቦዲ ዛፍ ሥር ተቀምጦ «የነቃው»፣ ማለትም ቡድሃ ሆነ።

ወደ 55 ሜትር ከፍታ ያለው የጡብ ግንብ ከሩቅ ይታያል። የመጀመሪያውን መቅደስ ያሠራው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዘመን የነገሠው አሾካ እንደሆነ ይነገራል። አሁን የቆመው በ5ኛው ወይም በ6ኛው መቶ ዘመን ተሠርቶ በ19ኛው መቶ ዘመን በሰፊው የታደሰ ሲሆን፣ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2002 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ተሳላሚው ግን አገር አቋርጦ የሚመጣው በግንቡ ጀርባ ላለው ዛፍና ከሥሩ ለተነጠፈው የድንጋይ መቀመጫ ነው። ግንቡን ብቻ አይቶ የሚመለስ ሰው የቦታውን ዋና ነገር ሳያይ ሄዷል።

ጫማ በር ላይ ይወልቃል። ዑደቱ መቅደሱን በቀኝ እጅ በኩል እያደረጉ በዝግታ መዞር ነው። ቲቤታውያን ሳንቃ አንጥፈው ይሰግዳሉ፤ የተጋጠሙ እጆቻቸውን ከራስ ወደ ጉሮሮ፣ ከጉሮሮ ወደ ደረት አውርደው በደረታቸው ይዘረጋሉ፣ ተነሥተው ይደግሙታል። መቶ ሺህ ስግደት ለመፈጸም ቆርጦ የመጣ በመቁጠሪያ እየቆጠረ ብዙ ቀን ይሰነብታል። የሕማማትን ስግደት የሚያውቅ አንባቢ ድካሙን ይገምተዋል። ከስሪላንካ የመጡት ደግሞ ነጭ ለብሰው ጥንታዊ የቡድሂዝም መጻሕፍት በተጻፉበት በፓሊ ቋንቋ ጸሎት ያደርሳሉ። ከሁሉም ጎን ምንም ሳይናገር ዓይኑን ጨፍኖ የሚቀመጥ አለ።

ቡድሃ ከነቃ በኋላ በአካባቢው ሰባት ሳምንት እንደቆየ ይታመናል፤ ለየሳምንቱም የየራሱ ቦታ አለው። በሁለተኛው ሳምንት ዓይኑን ሳይጨፍን ዛፉን እያየ ቆመ ይባላል። በሦስተኛው የተመላለሰበት መንገድ ከመቅደሱ ጎን በድንጋይ አበቦች ምልክት ተደርጎበታል።

ባለቤትነቱ ለረጅም ዘመን አከራክሯል። ቦታው በሂንዱ መነኮሳት እጅ ስለነበር ስሪላንካዊው ቡድሂስት አናጋሪካ ዳርማፓላ እ.ኤ.አ. ከ1891 ጀምሮ ለቡድሂስቶች እንዲመለስ ታገለ። እ.ኤ.አ. በ1949 የወጣው ሕግ አስተዳደሩን ሁለቱ ሃይማኖቶች ለሚካፈሉት ኮሚቴ ሰጠ፤ የቡድሂስቶች ቅሬታ ግን እስካሁን አልበረደም።

ዛፉ የዋርካና የሾላ ዘመድ ነው። የቀድሞው እ.ኤ.አ. በ1876 ስለወደቀ የዛሬው ከእርሱ ዘር የተተካ ነው። ከጥንቱ ዛፍ የተወሰደች ቅርንጫፍ ከክርስቶስ ልደት በፊት ወደ ስሪላንካ ተሻግራ በአኑራዳፑራ ተተክላለች፤ ያም ዛፍ ዛሬ ድረስ ይሳለሙታል። በቦድ ጋያ ቅጠል መቀንጠስ ነውር ነው፤ የሚወሰደው በራሱ የረገፈው ብቻ ነው። ስለዚህ ነፋስ ሲነሣ ጸሎት ላይ የነበሩትም ሳይቀሩ ቀና ብለው ወደ ቅርንጫፎቹ ያያሉ።