የእሬት፣ የሎሚ፣ የነጭ ሽንኩርትና የሌሎችም ዕፅዋት አጠቃቀም፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ዕፅዋት ይጠቅማሉ ወይስ አይጠቅሙም ብሎ መከራከር ብዙም አያራምድም። በአንድ ቅጠል ውስጥ ቆዳ የሚያለሰልስ ዝልግልግና ሆድ የሚያጥብ መራራ ፈሳሽ ጎን ለጎን ይገኛሉ። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት የትኛው ክፍል፣ እንዴት ተዘጋጅቶ፣ ስንት ያህል፣ ለማን የሚለው ነው። ከታች ያሉት ስህተቶች ሁሉ ከእነዚህ ጥያቄዎች አንዱ በመዘለሉ የመጡ ናቸው።

«ከእሬት የሚወጣውን እንዳለ መቀባትም መጠጣትም ይቻላል»

ከአረንጓዴው ልጣጭ ሥር የሚፈሰው ቢጫ ፈሳሽ አሎይን የሚባል ንጥረ ነገር አለበት። «እንደ እሬት መረረ» የሚያሰኘው እሱ ነው። መሃሉን የሞላው ጥርት ያለ ዝልግልግ ግን ከሞላ ጎደል ውሃ ነው፤ ለደረቀ ቆዳና ለቀላል የፀሐይ ቃጠሎ የሚፈለገውም ይኸው ብቻ ነው። ቢጫው ቆዳ ላይ ሲያርፍ ያሳክካል። ሲጠጣ ያስቀምጣል፣ ይቆርጣል፣ ሲደጋገም ደግሞ የሰውነትን ፖታሲየም ያወርዳል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2002 ያለ ሐኪም ትእዛዝ ይሸጡ ከነበሩ የሆድ ማለስለሻዎች ውስጥ እሬትን ያስወጣው ለደኅንነቱ በቂ ማስረጃ ስላልቀረበለት ነው። ነፍሰ ጡር ሴት ጨርሶ ልትጠጣው አይገባም።

ለቆዳ ሲዘጋጅ ከታች በኩል ያለውን ወፍራም ቅጠል ከሥሩ ቁረጡ። የተቆረጠውን ጫፍ ወደ ታች አድርጋችሁ ብርጭቆ ውስጥ ለ15 ደቂቃ አቁሙት፤ ቢጫው ተንጠባጥቦ ይወርዳል። ከዚያ እጠቡት፣ የሁለቱን ጠርዝ እሾህ በቢላ አንሡ፣ ልጣጩን በአንድ ወገን ገሽልጡና ዝልግልጉን በማንኪያ አውጡ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ምንም እንዳይቀር ብሎ ልጣጩን አጥብቆ ሲፍቅ ያፈሰሰው ቢጫ ተመልሶ ይቀላቀላል። ስስ ሽፋን ልጣጩ ላይ ይቅር። የወጣውን አንድ ጊዜ አለቅልቁት፣ በክንዳችሁ ውስጠኛ ክፍል ትንሽ ቀብታችሁ 24 ሰዓት ጠብቁ። ማቀዝቀዣ ውስጥ ከተቀመጠ በ3 እና 4 ቀን ውስጥ ይለቅ፤ ወደ ሮዝ ወይም ወደ ቡናማ ካደላ ይጣል። ጥልቅ ቁስል ላይ አይደረግም።

ሌላው የሚረሳው፣ በእሬት ስም የሚጠሩት ዝርያዎች በመቶዎች የሚቆጠሩ መሆናቸው ነው። አብዛኛው ጥናት የተደረገው አሎ ቬራ በሚባለው ላይ ነው እንጂ በየመንገዱ ዳር በበቀለው ሁሉ ላይ አይደለም።

«ሎሚ ጥቁር ነጠብጣብ ያጠፋል»

ብዙ ጊዜ የሚሆነው ተቃራኒው ነው። ፒኤች የሚባለው የአሲድነት መለኪያ ሲሆን ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር አሲዱ ይበረታል። የጤናማ ቆዳ ፒኤች 5 አካባቢ ነው፤ የሎሚ ጭማቂ 2 አካባቢ። በዚህ መለኪያ አንድ ቁጥር የ10 እጥፍ ልዩነት ስለሆነ ሎሚው ከቆዳው 1000 ጊዜ ያህል ይበልጥ አሲዳማ ነው ማለት ነው። ከአሲዱ የሚብሰው ግን በተለይ በልጣጩ ያለው ፉራኖኩማሪን ነው። ይህ ንጥረ ነገር ቆዳ ላይ እያለ ፀሐይ ሲያገኘው ያቃጥላል። መቅላቱ የሚጀምረው በማግስቱ ገደማ ስለሆነ ሰው ከሎሚው ጋር አያገናኘውም። በ2ኛውና በ3ኛው ቀን ይብሳል፣ ውሃ ሊቋጥር ይችላል፣ ሲሽር የሚተወው ጥቁር ምልክት ደግሞ ለወራት ይቆያል። ነጠብጣብ ለማጥፋት ተብሎ ሌላ ነጠብጣብ!

ጤና አዳምም ይኸው ንጥረ ነገር አለበት። ቅጠሉን በፀሐይ ሲለቅሙ የዋሉ እጆች ውሃ የሚቋጥሩት በዚህ ምክንያት ነው፤ ጓንት ማድረግ ወይም ወዲያው በሳሙና መታጠብ ይበቃል። ማሕፀንን ስለሚያኮማትር ነፍሰ ጡሮች ጤና አዳምን አፍልተው መጠጣት የለባቸውም።

«ቆረቆር በነጭ ሽንኩርት ይድናል»

ነጭ ሽንኩርት ሲወቀጥ የሚፈጠረው አሊሲን ፈንገስ እንደሚገድል በቤተ ሙከራ ታይቷል። ችግሩ የቆረቆር ፈንገስ የሚኖረው ቆዳው ላይ ብቻ ሳይሆን በፀጉሩ ዘንግና ሥር ውስጥ መሆኑ ነው፤ ከላይ የሚቀባ ነገር እዚያ አይደርስም። ሐኪሞች ቅባት ብቻ ሳይሆን የሚዋጥ መድኃኒት የሚያዙት፣ ያውም እንደ መድኃኒቱ ዓይነት ከ4 እስከ 8 ሳምንት፣ ለዚህ ነው። በሌላ በኩል የተወቀጠ ጥሬ ነጭ ሽንኩርት ታስሮ ሲያድር እንደ እሳት ያቃጥላል። የልጆች ቆዳ ስስ ስለሆነ ቃጠሎው ይጠልቃል፤ ጠባሳ ከያዘ ደግሞ እዚያ ቦታ ላይ ፀጉር ላይበቅል ይችላል።

«ሮዝመሪ ቀቅሎ መታጠብ ፀጉር ያበቅላል»

እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመ ጥናት በዘር የሚመጣ የፀጉር መሳሳት ያለባቸው 100 ሰዎች ለሁለት ተከፍለው ግማሾቹ የሮዝመሪ ዘይት፣ ግማሾቹ ሚኖክሲዲል የተባለውን የፀጉር መሳሳት መድኃኒት (2 በመቶ) ለ6 ወር ተቀቡ። በ3ኛው ወር በሁለቱም ወገን ለውጥ አልታየም፤ በ6ኛው ወር በሁለቱም የፀጉሩ ቁጥር ጨመረ። ውጤቱ ተስፋ ይሰጣል፤ ነገር ግን ምንም ያልተቀባ ማነጻጸሪያ ቡድን አልነበረውም፣ የተሞከረውም የተቀቀለ የጥብስ ቅጠል ውሃ አይደለም። ፀጉር በወር 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ስለሚያድግ «በ2 ሳምንት አበቀለኝ» ከሚል ምስክርነት ይልቅ የ6 ወር ፎቶ ይታመናል።

ሁለት የተለያዩ ነገሮች «የሮዝመሪ ዘይት» መባላቸው ሌላ ጣጣ አለው። ኢሴንሻል ኦይል የሚባለው በእንፋሎት የተነጠረው ሲሆን እንዳለ አይቀባም፤ በ30 ሚሊ ሊትር ተራ ዘይት ውስጥ 12 ጠብታ ሲጨመር 2 በመቶ ገደማ ይሆናል፣ ለራስ ቆዳም ይበቃል። ቤት የሚዘጋጀው ደግሞ ቅጠሉ ተነክሮ የሚወጣው ነው። ለዚህ እርጥብ ቅጠል አይሆንም፤ በውስጡ ያለው ውሃ ዘይቱን ያሻግተዋል። ሲነኩት ፍርክስክስ እስኪል በጥላ አድርቁት፣ 1 እጅ ቅጠል በ4 እጅ ዘይት ነክራችሁ ጨለማ ቦታ 3 ሳምንት አቆዩትና አጥሉት።

«የጉሎ ዘይት በወፈረ ቁጥር ይሻላል»

የጉሎ ዘይት አዲስ ፀጉር ስለማብቀሉ አሳማኝ ማስረጃ የለም፤ እርጥበት ይዞ ፀጉር እንዳይሰባበር ግን ያግዛል። በጣም ዝልግልግ ስለሆነ ረጅም ፀጉር ላይ ብቻውን ሲፈስና ሲታሽ ፀጉሩ እርስ በርሱ ተቆላልፎ እንደ ምንጣፍ የደረቀበት፣ ከመቁረጥ በቀር መላ የጠፋበት አጋጣሚ በሕክምና መጽሔት ተመዝግቧል። 1 እጅ ጉሎ ከ3 እጅ ቀጭን ዘይት ጋር ቀላቅሎ በጣት ጫፍ የራስ ቆዳውን ብቻ መንካት ይሻላል። ፍሬውን ቤት ውስጥ ጨምቆ ማውጣት አይሞከር፤ ሪሲን የተባለው መርዝ ያለው ፍሬው ውስጥ ነው።

«አብሽ የተፈጥሮ ስለሆነ ከመድኃኒት ጋር አይጋጭም»

ለፀጉር ከሆነ ጉዳት የለውም ማለት ይቻላል። 2 የሾርባ ማንኪያ ፍሬ በ1 ኩባያ ውሃ አሳድሩ፣ 10 ደቂቃ አፍሉ፣ ሳይቀዘቅዝ በስስ ጨርቅ አጥሉ፤ ከቀዘቀዘ ይወፍርና ጨርቁን አያልፍም። ዱቄቱን በቀጥታ የሚለውሱ ሰዎች በኋላ «ፎረፎር ጨመረብኝ» የሚሉት በአብዛኛው ያልታጠበ የአብሽ ብናኝ ነው።

ሲጠጣ ግን የደም ስኳር ያወርዳል። ኢንሱሊን ወይም የስኳር ክኒን የሚወስድ ሰው በየቀኑ ከጠጣው ስኳሩ ከሚገባው በታች ሊወርድ ይችላል፤ ማላብና መንቀጥቀጥ ምልክቶቹ ናቸው። ለኦቾሎኒ ወይም ለሽምብራ አለርጂ ያለበትም ይጠንቀቅ፤ ቤተሰባቸው አንድ ነው። በብዛት የሚወሰድ ነጭ ሽንኩርት ደግሞ የደም መርጋትን ስለሚያዘገይ፣ ደም ማቅጠኛ የሚወስዱና ቀዶ ሕክምና የተቀጠሩ ሰዎች ለሐኪማቸው መናገር አለባቸው።

«ባሕር ዛፍ መታጠን ለሕፃንም ጥሩ ነው»

አፍንጫ ለጊዜው የተከፈተ ያህል ይሰማል እንጂ ጉንፋኑን አያሳጥርም። ከቅጠሉ ይልቅ የፈላው ውሃ ያስፈራል፤ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ማሰሮ ላይ የተጎነበሰ ልጅ በትንሽ መወራጨት ውሃውን ጭኑ ላይ ይደፋዋል። የባሕር ዛፍ ዘይት ሕፃን አፍንጫ ሥር አይቀባም፣ ትንፋሹን ሊያውክ ይችላልና። አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ ቢዋጥ ሊያንቀጠቅጥ ስለሚችል ጠርሙሱ ልጅ ከማይደርስበት ቦታ ይቀመጥ።