ስታግ ጥንዚዛና ሎንግሆርን ጥንዚዛ በምን ይለያሉ?

ሁለቱም ከእንጨት ጋር የተቆራኙ ጥንዚዛዎች ናቸው፤ የሁለቱም የእንግሊዝኛ ስም የመጣው ከ«ቀንዳቸው» ነው (ስታግ ማለት ወንድ አጋዘን፣ ሎንግሆርን ማለት ረጅም ቀንድ ነው)። ግራ የሚያጋባውም ይኸው ቀንድ ነው። የስታግ ጥንዚዛ (የሉካኒዴ ቤተሰብ) ቀንድ የሚመስለው የወንዱ መንጋጋ ነው፤ ሲታገል ባላጋራውን ቆንጥጦ ይገለብጥበታል። የሎንግሆርን (የሴራምቢሲዴ ቤተሰብ) «ቀንድ» ግን አንቴናው፣ ማለትም ከራሱ ላይ የሚወጣው መዳሰሻው ነው።

መንጋጋው ትልቅ ስለሆነ ብቻ ስታግ ነው ብሎ መደምደም ያሳስታል። የሴቷ ስታግ መንጋጋ አጭር ነው። በአንጻሩ በደቡብ አሜሪካ ደን የሚኖረው ማክሮዶንቲያ ሰርቪኮርኒስ ያን የሚያስፈራ መንጋጋ ይዞ ሎንግሆርን ነው። ስለዚህ አንቴናውን ይዩ። የስታግ አጭር ነው፣ እንደ ክርን ይታጠፋል፣ ጫፉ ላይም የማበጠሪያ ጥርስ የመሰሉ ቁርጥራጮች አሉት። የሎንግሆርን ሳይታጠፍ ይረዝማል፤ ብዙ ጊዜ የአካሉን ያህል ወይም ከዚያ በላይ ነው። አንቴናው ተሰብሮ ከሆነ ዓይኑን ይመልከቱ፦ የአብዛኞቹ ሎንግሆርኖች ዓይን በአንቴናው ሥር በኩል ገባ ብሎ የኩላሊት ቅርጽ ይይዛል።

ለገበሬም ሆነ ለቤት ባለቤት ዋናው ልዩነት ያለው እጩ (ገና ወደ ጥንዚዛ ያልተለወጠው ትል) ላይ ነው። የስታግ እጭ ወፍራም፣ የተቆለመመና ስድስት እግሮቹ በግልጽ የሚታዩ ሲሆን፣ የሚበላው የበሰበሰ እንጨት ነው። የአውሮፓው ሉካነስ ሰርቨስ ከአፈር በታች ባለ የበሰበሰ ጉቶ ውስጥ ዓመታትን ያሳልፋል፤ ጤነኛ ዛፍ አይነካም። ጉቶ ሲነቅሉ ካገኙት መልሰው አፈር ያልብሱት።

የሎንግሆርን እጭ ቀጥ ያለ፣ ነጣ ያለና በጭንቅላቱ በኩል ሰፋ ያለ ነው፤ እግሩ ከነጭራሹ የለም ወይም እጅግ ትንሽ ነው። ብዙዎቹ ዝርያዎች የሞተ እንጨት ይበላሉ፤ ችግሩ ያለው ሕያው ዛፍ ወይም ደረቅ ጣውላ በሚመርጡት ላይ ነው። በ1996 ኒው ዮርክ ብሩክሊን ውስጥ የተገኘው የእስያ ሎንግሆርን ብዙ የሜፕል ዛፍ አስቆርጧል። በምሥራቅና በደቡባዊ አፍሪካ የሚታወቀው የቡና ግንድ ቦርቧሪ ደግሞ እንቁላሉን በግንዱ ታችኛ ክፍል ልጣጭ ውስጥ ይጥላል፤ እጩ ልጣጩን ዙሪያውን ይበላና ወደ እንጨቱ ይገባል። ቅጠሉ ቢጫ ይሆናል፣ ከግንዱ ሥር ሰጋቱራ ይከመራል።

ብዙ ሰው ክብ ቀዳዳ ሲያይ መድኃኒት ይረጫል። ጥርት ያለው ክብ ቀዳዳ ግን ያደገው ጥንዚዛ የወጣበት ነው፤ በዚያ በኩል ውስጥ የቀረ የለም። እጭ መኖሩን የሚያሳየው አዲስ ሰጋቱራ ነው። ከላይ የተረጨ መድኃኒትም እንጨት ውስጥ ያለውን እጭ አይደርስበትም፤ ሰጋቱራው በሚወጣበት ቀዳዳ ተጣጣፊ ሽቦ አስገብቶ መውጋት ይሻላል። ልጣጩ ዙሪያውን የተበላ ችግኝ ግን አይድንም፤ ነቅሎ ማቃጠል ነው።