ልጅን ለመጀመሪያው የኦንላይን የቁርአን ትምህርት ማዘጋጀት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጎንደር፣ አዲስ ዓለም ሰፈር ያደገ ሰው "ቁርአን መቅራት" ሲባል ጆሮው ላይ የሚመጣ ድምፅ አለው፦ የእንጨት ሉሕ ይዘው ጮክ ብለው የሚቀሩ ልጆች ድምፅ። እኔም የተማርሁት እንደዚያ ነው። ልጄ ግን በ6 ዓመቷ የጀመረችው ሳሎን ውስጥ፣ ስልክ ፊት ተቀምጣ፣ ሌላ አገር ካለ ኡስታዝ (የቁርአን መምህር) ነው። ከመጀመሪያው ቀን በፊት ጎረቤቱም ዘመዱም መከረን። ከምክሩ ገሚሱ ጠቀመን፤ ገሚሱ ግን ሳምንታት አባከነብን። የምጽፈው ጊዜ ስላባከነብን ምክር ነው።

"በስልክ ቁርአን አይቀራም"

ይህን የሚሉ አባቶች የሚሰጉበት ነገር እውነት አለው። ቁርአን ከመጽሐፍ ብቻ አይወሰድም፤ ከአፍ ወደ ጆሮ ይተላለፋል። ኡስታዙ ይቀራል፣ ደረሳው (ተማሪው) ሰምቶ ይደግማል፣ ኡስታዙ ያርማል። ታዲያ ኡስታዙ የልጅቷን ድምፅ እዚያው ሰምቶ እስካረማት ድረስ፣ ርቀቱ ይህን መንገድ አይቆርጠውም። የሚቆረጠው "ቪዲዮ እንከፍትላታለን፣ እየተከተለች ትላለች" ስንል ነው። ቪዲዮ ልጅን አይሰማም፤ ብትሳሳትም መንገዱን ይቀጥላል። የታላላቅ ቃሪኦች (የቁርአን አንባቢዎች) ንባብ፣ ለምሳሌ የግብፃዊው የማሕሙድ ኸሊል አል-ሑሰሪ የረጋ አቀራር፣ ጆሮን ለማሟሸት እጅግ ይጠቅማል። አስተማሪን ግን አይተካም።

"አማርኛ ማንበብ ከቻለች፣ በአማርኛ ፊደል የተጻፈውን ፋቲሓ አስጠኗት"

ከሁሉም የጎዳን ይህ ነው። ባዶ እጇን እንዳትቀርብ ብዬ የቁርአንን የመክፈቻ ምዕራፍ፣ የሱረቱል ፋቲሓን 7 አንቀጾች በአማርኛ ፊደል ጽፌ አስጠናኋት። በቃሏ ያዘችው፤ ኡስታዙ ፊት ግን ገና ከመነሻው ቆመች።

ምክንያቱ ያለው በራሳችን ፊደል ውስጥ ነው። ሀ፣ ሐ፣ ኀ ብለን እንጽፋለን፤ አ እና ዐም አሉን። በግዕዝ የየራሳቸው ድምፅ የነበራቸው እነዚህ ፊደላት በአማርኛ ተናጋሪ አፍ ተቀላቅለዋል፤ ልዩነታቸው የቀረው ወረቀት ላይ ነው። ትግርኛ ተናጋሪ ልጅ ሐን እና ዐን ከእናቱ አንደበት ይሰማል። የእኛ ልጅ አትሰማም። ስለዚህ "አልሐምዱ" ብዬ ብጽፍላት የምታነበው "አልሃምዱ" ነው፤ "ነዕቡዱ" ብዬ ብጽፍ "ነእቡዱ" ትላለች። ጥፋቷ አይደለም፤ ፊደሉን ያነበበችው በአማርኛ ሕግ ነው። በዓረብኛ ግን ድምፁ ሲለወጥ ቃሉ ይለወጣል። በቃል የተያዘን ስህተት መንቀል ደግሞ አዲስ ከማስተማር ይከብዳል፤ እኛ አንድ ወር ፈጅቶብናል።

ቀ እና ጠ ላይ ተቃራኒ መዘናጋት አለ። "እነዚህንስ ታውቃቸዋለች" እንላለን። የእኛ ቀ እና ጠ ትንፋሽ ታፍኖ የሚፈነዱ ድምፆች ናቸው። የዓረብኛው ቃፍ ከምላስ ሥር፣ ከወደ ጉሮሮ ይወጣል እንጂ እንደ እኛ ቀ ትንፋሽ ታፍኖ አይፈነዳም። ጧእም እንዲሁ፤ ይወፍራል እንጂ እንደ እኛ ጠ አይፈነጠርም።

ስለዚህ ከመጀመሪያው ትምህርት በፊት ያለውን ሳምንት ለማስጠናት ሳይሆን ለማስማት አውሉት። ኡስታዙ ሀን እና ሐን እያፈራረቀ በድምፅ መልእክት እንዲልክላችሁ ጠይቁ፤ ልጅቷ ሐን ስትሰማ እጇን ታንሳ። ጆሮ የለየውን አፍ ቀስ ብሎ ይከተለዋል።

"ጥሩ ስልክ ካለ ዝግጅቱ አለቀ"

ስልኩ ከልጁ አፍ ትይዩ ተደግፎ ይቁም፤ ኡስታዙ ከንፈርና ምላስ ማየት አለበት። መስኮት ከጀርባ ከሆነ ፊቷ ይጨልማል። መብራት ሊጠፋ ይችላልና ባትሪው ቀድሞ ይሞላ፤ መስመር ሲቋረጥ ማን መልሶ እንደሚደውልም ተስማሙ። ኢንተርኔቱ ከደከመ ምስሉን አጥፍቶ ድምፁን ማትረፍ ይሻላል።

ሰዓቱ ግን ከስልኩ በላይ ያስቸግራል። አንድ ጎረቤቴ ኡስታዙ "በ5" ስላለው ልጁን አጥቦና አልብሶ ከጠዋቱ 5 ሰዓት ላይ አስቀመጠው። ኡስታዙ ያለው በውጭ አቆጣጠር ነበር፤ ለእኛ ከቀኑ 11 ሰዓት ማለት ነው። ልጁ ስልኩን እያየ ጠብቆ ጠብቆ አለቀሰ። የሳውዲ ዓረቢያ ሰዓት ከእኛ ጋር እኩል ነው፤ ግብፅ ግን በቀዝቃዛ ወራታቸው በ1 ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል። "ከቀትር በፊት ነው ወይስ ከቀትር በኋላ?" ብሎ መጠየቅ ከቁጥሩ ይበልጣል።

"አንድ ሰዓት ሙሉ ካልተቀመጠች ምን ትማራለች?"

የ5 እና የ6 ዓመት ልጅ 20 ደቂቃ በንቃት ከቀራች በቂ ነው፤ በሳምንት አንድ ቀን ከማርዘም ማዘውተር ይሻላል። ከረጅሙ ሱራ (ምዕራፍ)፣ ከአል-በቀራ ትጀምር የሚልም አለ። የተለመደው ከፋቲሓ ቀጥሎ ከ30ኛውና የመጨረሻው ጁዝእ (ክፍል) መጨረሻ፣ ከሱረቱን ናስ ወደ ኋላ መሄድ ነው፤ ሱራዎቹ አጫጭር ናቸው።

"ውዱእ ካላደረገች አትማርም"

ውዱእ (ከሶላት በፊት የሚደረገውን መታጠብ) ማስለመድ መልካም አደብ ነው፤ እኛም እናስለምዳለን። ነገር ግን በቃል ለመቅራት ውዱእ ግዴታ አይደለም፤ ብዙ ዑለማዎችም ለሚማሩ ሕፃናት ሙስሐፍ (የቁርአን መጽሐፍ) በመንካት ጭምር አቅልለውላቸዋል። ውኃ በጠፋበት ቀን ትምህርቱን አትሰርዙ።

"ስትሳሳት ቶሎ እናርማት፣ እንዳናፍር"

እኔ ከስልኩ ጀርባ ቆሜ መልሱን በሹክሹክታ እነግራት ነበር። ኡስታዙ "የምሰማው የእርስዎን ነው ወይስ የእርሷን?" ሲለኝ ገባኝ። ስህተቷን ካልሰማ ምኑን ያርማል? ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) እየተንተባተበና እየከበደው ለሚቀራ ሰው ሁለት ምንዳ እንዳለው አስተምረዋል፤ ይህን ለልጄ ከመጀመሪያው ቀን በፊት ነግሬያት ቢሆን ኖሮ ያን ያህል ባልፈራች ነበር።

"ኡስታዝ ስለሆነ ብቻዋን ትተናት ብንሄድ ችግር የለውም"

ይህ ላይ አልለሳለስም። ኡስታዙ የተከበረ ሰው ነው፤ ልጅ ግን ከማንም አዋቂ ጋር በተዘጋ በር ውስጥ፣ በስልክም ቢሆን፣ አይተውም። ልጄ የምትቀራው ሳሎን ውስጥ ነው፤ በሩ ክፍት ነው፤ እናቷ ወይም እኔ ድምፅ ከሚሰማበት አንርቅም። መልእክት የሚላከው በእኛ ስልክ ብቻ ነው። ጥሩ ኡስታዝ በዚህ አይከፋም፤ የእኛው እንዲያውም በመጀመሪያው ቀን፣ ከቢስሚላህ በፊት፣ "ቤት ውስጥ ከእርሷ ጋር ማን አለ?" ብሎ የጠየቀው ራሱ ነው።