ከኩላሊት እጥበት በኋላ መርሳት ለምን ይመጣል?

ደብረ ብርሃንም ሆነ መንዝ፣ እጥበት ላይ ያለ ዘመድ ያለው ሰው ይህን ይጠይቃል፦ «ደሙ ከታጠበ ጭንቅላቱ ለምን አይጠራም?»

ጤነኛ ኩላሊት ሌት ተቀን ይሠራል። ማሽኑ ግን አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት 3 ቀን፣ በየተራው 4 ሰዓት ገደማ ብቻ ነው የሚያጥበው። በመሀል ባሉት ቀናት ዩሪያና ሌላው ቆሻሻ ይጠራቀማል፣ ሐሳብም ይደበዝዛል። ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ ይኸኛው ነው፦ በእነዚያ ጥቂት ሰዓታት ብዙ ፈሳሽ ሲወጣ የደም ግፊት ሊወርድ ይችላል፣ ያኔ ወደ አንጎል የሚሄደው ደም ይቀንሳል፣ ስለዚህ አባባ ከእጥበት መጥተው መድኃኒታቸውን የት እንዳስቀመጡ ቢጠፋባቸው፣ ያንኑ ጥያቄ ደጋግመው ቢጠይቁ፣ እባካችሁ አትቆጧቸው። ደም ማነስ፣ ስኳርና ግፊትም የየራሳቸው ድርሻ አላቸው።

እና ምን ይደረግ? የመሬትም ይሁን የባንክ፣ ከበድ ያለ ጉዳይ ለእጥበቱ ማግስት ይቆይ። አእምሮ ብዙ ጊዜ የሚሻለው ያኔ ነው። ሐኪሙ የሚላችሁን ጻፉት። ከአንኮበር ወይም ከሞላሌ ለሚመላለስ ሰው መንገዱ ራሱ ድካም ነው፣ አውቃለሁ፣ ግን አንድ ተራ መዝለል የባሰ ይጎዳል። እንደ ትራማዶል ያለ ማስታገሻም ዝም ብላችሁ አትስጡ፤ ኩላሊት ስለማያስወጣው ሰውነት ውስጥ ተጠራቅሞ ያደናግራል።

መርሳቱ ቀስ በቀስ ከባሰ ለሐኪም ንገሩ። በድንገት ግራ ከተጋቡ፣ ንግግር ከተኮላተፈ ወይም አንድ ጎን ከዛለ ግን ቀጠሮ አትጠብቁ፣ ወዲያው ሆስፒታል ውሰዷቸው።