የተቦረቦረው ጥርስ፦ የበርሊኑ መታሰቢያ ቤተ ክርስቲያን

በርሊን ውስጥ ብራይትሻይድ አደባባይ ላይ አናቱ የተገመሰ የድንጋይ ማማ ቆሟል። ዙሪያው ሱቅ፣ አውቶቡስና ግርግር ነው። ዋና ስሙ የካይዘር ቪልሄልም መታሰቢያ ቤተ ክርስቲያን ይባላል። የከተማው ሰው ግን «የተቦረቦረው ጥርስ» ይለዋል፤ አይቶት የማይስማማ የለም።

ሲሠራ የታሰበው ለሰላም አልነበረም። የጀርመን ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ቪልሄልም ለአያቱ ለቀዳማዊ ቪልሄልም ክብር ያሠራው ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1895 ተመረቀ። ያኔ ማማው 113 ሜትር ይረዝም ነበር። ኖቬምበር 23 ቀን 1943 ሌሊት በአየር ድብደባ ነደደ። ዛሬ የቀረው 71 ሜትር ገደማ ነው።

ከጦርነቱ በኋላ አዲሱን ቤተ ክርስቲያን እንዲሠራ የተመረጠው አርክቴክት ኤጎን አይርማን ፍርስራሹ ይነሣ ብሎ ነበር። የበርሊን ሰው አሻፈረኝ አለ። እሱም ሳይወድ በግዱ ማማውን መሃል ላይ ትቶ አዲሶቹን ሕንፃዎች በዙሪያው አቆመ። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ የዲዛይኑ ምርጥ ክፍል እሱ ያልፈለገው ነው።

ጉብኝቱን ከማማው ሥር ካለው አዳራሽ ጀምሩ። መግቢያው ነፃ ነው። ቀና ስትሉ በሞዛይክ የተሣሉ መሳፍንትና ልዕልቶች ተሰልፈው ሲሄዱ ታያላችሁ። ስንጥቁ አልተለሰነም። እዚያው ከእንግሊዟ ከተማ ከኮቨንትሪ የመጣ የሚስማር መስቀል አለ። የኮቨንትሪን ካቴድራል በ1940 የጀርመን አውሮፕላኖች አቃጥለውት ነበር፤ የዚህ መስቀል መነሻም ከተቃጠለው ጣሪያ የተገኙት ሚስማሮች ናቸው። ጀርመን ያቃጠለችው ካቴድራል መስቀል እንግሊዞች በደበደቡት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ መቀመጡ ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም።

ከዚያ ወደ አዲሱ ተሻገሩ። በ1961 የተመረቀ፣ ስምንት ማዕዘን ያለው ሕንፃ ነው። ከውጭ ሲያዩት ደረቅ ኮንክሪት ነው፤ አላማረኝም ብሎ የሚያልፍ ሰው ይሳሳታል። በሩን አልፋችሁ ስትገቡ ሁሉም ነገር ሰማያዊ ይሆናል። ፈረንሳዊው ገብርኤል ሎአር የሠራቸው ከ20,000 በላይ ባለቀለም መስታወቶች ግድግዳውን ሞልተውታል። ግድግዳው ድርብ ስለሆነ የመኪናው ጩኸት ውጭ ይቀራል።

ከመውጣታችሁ በፊት አንዲት የከሰል ሥዕል ፈልጉ። ልጇን በመጎናጸፊያዋ የሸፈነች እናት ናት። የጀርመን ጦር ሐኪምና ቄስ የነበረው ኩርት ሮይበር በ1942 የገና ሰሞን፣ ስታሊንግራድ ውስጥ በሶቪየት ጦር ተከቦ ሳለ በሩሲያ ካርታ ጀርባ ላይ ሣላት። ዳር ዳሩን «ብርሃን፣ ሕይወት፣ ፍቅር» ብሎ ጻፈባት። ሥዕሏ በአውሮፕላን ወጣች። እሱ ተማርኮ በ1944 በምርኮ ላይ ሳለ ሞተ።